በለሆሳስ የዘፈነው ሰው

እነዋሪ ከተማ ውስጥ ለ22 ዓመታት ሙዚቃ ቤት ነበረኝ። ሙዚቃ ቤት ስል ካሴት የሚሸጥበት፣ ከሁሉም በላይ ግን ካሴት የሚቀዳበት ቤት ማለቴ ነው። በገበያ ቀን ከጅሁር፣ ከቆላው አፋፍ፣ ከየቀበሌው የሚመጣው ገበሬ ጤፉን ወይም ምስሩን ሸጦ፣ ጨውና ላምባውን ገዝቶ፣ ሰንጋ የሸጠ ከሆነማ ደረቱን ነፍቶ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወደ እኔ ብቅ ይላል። ከጋቢው ሥር አንድ ያረጀ ካሴት ያወጣና «ሞቅ ያለ ቅዳልኝ» ይለኛል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት «ለስለስ ያለ ቅዳልኝ» ያሉኝን ሰዎች ዛሬም በጣቴ እቆጥራቸዋለሁ። አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ፣ ሁለት መምህራን፣ እጮኛው ለሌላ የተዳረችበት አንድ ልጅ።

ከዚህ ተነስቼ የእኛ የጅሩ አገር ሰው ጆሮ ለስላሳ ድምፅ አይወድም ብዬ ደምድሜ ነበር። ሜዳችን ሰፊ ነው፣ ነፋሱ ድምፅ ይነጥቃል። በአጨዳ ጊዜ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው የሚቀባበሉት ዘፈን፣ በፈረስ ላይ የሚሰማው ፉከራ፣ ቀረርቶው፣ ሁሉም ሩቅ ለቆመ ሰው የተሠራ ነው። ሰዉ ከካሴትም ያንኑ ይፈልጋል ብዬ አመንኩ። መሳሳቴ የገባኝ ቤቱን ልዘጋ ጥቂት ሲቀረኝ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከአዲስ አበባ የማመጣው ኦርጅናል ካሴት አንድ ነው። ለደንበኛ የምሰጠው ከእሱ የቀዳሁትን ነው። ደንበኛው ለጎረቤቱ ያውሰዋል፤ ጎረቤቱ ሁለት ካሴት በሚይዝ ቴፕ ይገለብጠዋል፤ ከዚያ የጎረቤቱ ወንድም ተራውን ይቀዳል። ቅጂ በቅጂ ላይ በተደራረበ ቁጥር የክሩ የራሱ ድምፅ፣ ያ «ሽሽሽ» የሚለው፣ እየገነነ ይሄዳል። ጥላሁን ገሠሠ በስድስተኛውም ቅጂ ጥላሁን ነው፤ ሽሽታውን ሰንጥቆት ይወጣል። በቀስታ የሚዘፍን ሰው ግን በሦስተኛው ቅጂ ላይ ዝናብ ውስጥ ቆሞ የሚያወራ ይመስላል። በአራተኛው ላይ ዝናቡ ብቻ ይቀራል። ወደ ጀማ ሸለቆ አፋፍ የሚደርሰው ደግሞ አራተኛውና አምስተኛው ቅጂ ነበር። እንግዲህ ያ ገበሬ ሰምቶት የማያውቀውን ድምፅ እንዴት ብሎ «ቅዳልኝ» ይለኛል?

ይህን ያስተዋልኩት አንድ ወጣት መምህር ከአዲስ አበባ ሲዲ ይዞልኝ በመጣ ጊዜ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለው ፈረንሳዊ የድሮ ሸክላዎቻችንን ሰብስቦ እ.ኤ.አ. ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም ካሳተማቸው አንዱ ነበር። «ይህንን ስማ» አለኝና አንዱን ዘፈን ከፈተው። ርዕሱ «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ» ይላል። ዘፋኙ ግርማ በየነ።

ርዕሱን ልብ በሉልኝ። «እኔ ነኝ ባይ» በእኛ አገር የፉከራ ቃል ነው። ሰው ፈረሱን ኮልኩሎ፣ ጎፈሬውን አበጥሮ፣ ጉሮሮውን ከፍቶ የሚለው ነው። ግርማ ግን ቃሉን ከፈረሱ አውርዶ ከማይክራፎኑ አጠገብ አስቀመጠው። አይጮህም። ጎን ለጎን ተቀምጦ ለአንድ ሰው እንደሚያወራ ሰው፣ ትንፋሹ እስኪሰማ ቀርቦ፣ ቃሉን እንደማይሰበር ዕቃ ያለ ፍርሃት ግን ደግሞ በቀስታ ያስቀምጠዋል። ሱቁ ውስጥ ሦስት ገበሬዎች ተቀምጠው ነበር። አንዱ፣ ሁልጊዜ ሞቅ ያለ የሚያስቀዳው፣ ከደጃፉ ተነስቶ ወደ ድምፅ ማጉያው ቀረበ። ዘፈኑ ሲያልቅ «ድገመው» አለ። በዚያች ቃል ድምዳሜዬ ፈረሰ።

ዘፋኝን አንቱ ማለት አልለመድንም፤ የወደድነውን አንተ እንላለንና እኔም ግርማን እንዲሁ እያልኩ ልቀጥል።

ግርማ በየነ በወጣትነቱ በድምፁ ቀድቶ ያስቀረው አራት ዘፈን ብቻ ነው። አራት። በሁለት ትንንሽ ሸክላ ላይ፣ በእያንዳንዱ ገጽ አንድ አንድ ሆኖ የሚያልቅ። «እኔ ነኝ ባይ ማነሽ» በዚያ ዘመን የተቀዳ ነው። እንዲህ ያለ ድምፅ ያለው ሰው አራት ዘፈን ብቻ ያስቀረው ሥራ ፈትቶ አይደለም። ሌሎች ሲዘፍኑ ከኋላቸው ስለነበረ ነው። ፒያኖ ይመታል፣ ግጥም ይጽፋል፣ ዜማ ያወጣል፣ ያቀናብራል። የዚያን ዘመን ሙዚቃ በቅንብር ከሠሩት ሰዎች ሙላቱ አስታጥቄ ከተጠራ በኋላ የሚጠራው ስም የእሱ ነው። ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር ባንድ ሲያቋቁሙ ስሙን ከሁለቱም ስም አውጥተው «ዓለም ግርማ ባንድ» አሉት። ዓለማየሁን ሁሉም ያውቀዋል፤ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» እየተባለ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2021 ሲያርፍ አገር አዘነለት። በባንዱ ስም ውስጥ ያለው ሁለተኛው ስም የማን እንደሆነ ግን በሠፈሬ ያሉ ወጣቶችን ጠይቄ አንድም የመለሰልኝ የለም።

ዘመኑን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሸክላ የማሳተም መብት በመንግሥት ፈቃድ ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። አምሃ እሸቴ የተባለ በሃያዎቹ ዕድሜ ላይ ያለ ወጣት እ.ኤ.አ. በ1969 ያንን ጥሶ አምሃ ሪከርድስን ከፈተ፤ የመጀመሪያ ሸክላውንም ከዓለማየሁ እሸቴ ጋር አወጣ። በስድስት ዓመት ገደማ ውስጥ ከ100 በላይ ትንንሽ ሸክላዎች አሳተመ። ዛሬ «ወርቃማው ዘመን» የምንለው ያ ነው። ያ ዘመን ግን እነዋሪ አልደረሰም። እነዋሪ ውስጥ የሸክላ ማጫወቻ ያለው ሰው ስንት ነበር? የእኛ ሙዚቃ የሚጀምረው በካሴት ነው። ካሴት ሲስፋፋና ሸክላው ሲቀር ደግሞ የግርማ አራት ዘፈኖች ከሸክላው ጋር ቀሩ። ከአብዮቱ በኋላ የታወጀው ሰዓት እላፊም የአዲስ አበባን ሌሊት ዘጋው፤ ባንዶቹ በየሆቴሉ በር ቆልፈው እስከ ንጋት የሚጫወቱበት ጊዜ መጣ።

በዚያ መሃል፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ኃይሉ መርጊያና ዋልያስ ባንድ «ሙዚቃዊ ስልት» የተሰኘውን ሥራ አወጡ። ቃል የለውም፤ በመሣሪያ ብቻ ነው። ዛሬ ከአዲስ አበባ እስከ አምስተርዳም የሚጫወቱት ባንዶች ብዙ ናቸው፤ ሳክስፎን ተጫዋቹ ጌታቸው መኩሪያም ከሆላንዱ ባንድ «ዘ ኤክስ» ጋር ቀድቶታል። እኔም ራሴ ያን ዜማ የሬዲዮ መሸጋገሪያ ሆኖ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ደራሲው ግርማ በየነ ነው። ዘፋኝ የሌለው ዜማ ስለሆነ የማን ነው ብሎ የጠየቀ አላጋጠመኝም። እኔም አልጠየቅኩም፤ ሙዚቃ ቤት ከፍቼ የተቀመጥኩ ሰው።

እ.ኤ.አ. በ1981 ዋልያስ ባንድ ከማህሙድ አሕመድና ከጌታቸው ካሳ ጋር ወደ አሜሪካ ተጓዘ። ከባንዱ አባላት አንዳንዶቹ እዚያው ቀሩ። ኃይሉ መርጊያ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ነዳ። አብሯቸው የሄደው ግርማ በየነም ነዳጅ ማደያ ውስጥ ሠራ። እንጀራ ነውና ሥራው አያሳፍርም፤ እኔም ካሴት ቤቴ ሲዘጋ እህል በኩንታል እየመዘንኩ ነው ልጆቼን ያስተማርኩት። የሚያሳዝነኝ ሌላ ነው። ያን ያህል ዜማ በጣቱ ውስጥ የነበረ ሰው ከሃያ ዓመት በላይ ያለ ቅጂ ሲቀመጥ፣ ከእኛ መሃል «የት ሄደ?» ብሎ የጠየቀ ጥቂት መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ መጨረሻ ወደ አገሩ ተመለሰ። ከዚያ ወዲያ የመጣው ጥያቄ ከፓሪስ ነው። ስሙን ጌታቸው መኩሪያ ከተጫወተው «አካሌ ውቤ» ከተሰኘው ዜማ የወሰደ የፈረንሳይ ባንድ ፈልጎ አገኘው፣ ወደ ፓሪስ ጋበዘው፤ እ.ኤ.አ. በ2017 «ሚስቴክስ ኦን ፐርፐዝ» የተሰኘው አልበም የኢትዮፒክስ 30ኛ ሆኖ ወጣ። በአማርኛ ሆን ተብሎ የተሠራ ስህተት እንደማለት ነው።

በዚያ አልበም ላይ ግርማ የወጣትነቱን ዘፈኖች መልሶ ዘፍኗል። የመጀመሪያውንና የኋለኛውን አከታትዬ ስሰማ ያስተዋልኩትን ልናገር። ድምፁ ሳስቷል፤ አረጋዊ ድምፅ ነው። ግን አልተሰበረም። በጉልበት የሚዘፍን ሰው ጉልበቱ ሲደክም ዘፈኑ አብሮ ይደክማል። ግርማ ከመጀመሪያውም በጉልበቱ አልዘፈነምና ዕድሜ ብዙ የሚወስድበት አላገኘም። በወጣትነቱ ያግባባት የነበረችውን ሴት በእርጅናው የሚያስታውሳት ይመስላል፤ ያው ዜማ ሌላ ነገር ሆነ። የራስን የድሮ ዘፈን መልሶ መዝፈን ድግግሞሽ የሚመስለው ሰው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ይስማ።

ለስላሳ ድምፅ ዘመን ያመጣው ነገር ነው የሚሉ አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ድምፅ በኤሌክትሪክ መቀዳት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1925 ነው። ከዚያ በፊት ዘፋኝ በትልቅ ጡሩንባ ውስጥ መጮህ ነበረበት። ማይክራፎን ሲመጣ አሜሪካ ውስጥ እነ ቢንግ ክሮዝቢ፣ ቆይቶም ብራዚል ውስጥ ዣኦ ዢልቤርቶ፣ እንደ ሹክሹክታ መዝፈን እንደሚቻል አሳዩ። ብዙ ሰው ማይክራፎን ድምፅ ለማጉላት የተሠራ ይመስለዋል፤ በሠርግ ቤት የምናየው ሞንታርቦ ነው እንዲህ ያስመሰለው። ለእነዚህ ሰዎች ግን ማይክራፎን መቅረቢያ ነበር። ግርማም የተጠቀመበት እንደዚያ ነው።

ሌላው ግማሽ ግን የእኛው ነው። እንጉርጉሮ የሚለው ቃል ከየት መጣ? በዐቢይ ጾም በገና የሚደረድር ሰው ማንን ለማሰማት ይጮሃል? ጅሩ ማለት ፉከራና ቀረርቶ ብቻ ነው ያልኩት የወንዱን ዘፈን ብቻ ቆጥሬ ነው። እናቴ በልጅነቴ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነስታ በድንጋይ ወፍጮ ትፈጭ ነበር። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ እኛ ልጆች አንድ ቁርበት ላይ ተጠጋግተን ተኝተን፣ ከመጁ ድምፅ ሥር ታንጎራጉራለች። እንዳታነቃን በለሆሳስ ነው። መጁ ወደፊት ሲሄድ ቃሉ ይሸፈናል፣ ወደኋላ ሲመለስ ይወጣል። ስለዚህ የእናቴን ዘፈን ግማሹን ብቻ ነው የማውቀው። የሞተር ወፍጮ ከተማው ሲገባ ወገቧ አረፈ፤ እሰይ። እንጉርጉሮውም አብሮ ቆመ።

እናቴ ያረፈችው ሙዚቃ ቤቱን ከከፈትኩ ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምትቀመጠው ከመቅጃ ቴፕ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነበር። መደርደሪያው በባዶ ካሴት የተሞላ ነው። አንድ ቀን እንኳ «እማዬ፣ ያንን በወፍጮ ላይ የምትዪውን በይልኝ» አላልኳትም። ለምን? የእሷ ዘፈን የሚቀዳ ነገር አልመሰለኝም። ዘፈን ማለት ከአዲስ አበባ በካሴት የሚመጣው ነበር ለእኔ። ግርማ በየነ አራት ዘፈን ብቻ ቀዳ ብዬ አዝናለሁ፤ ከእናቴ ያስቀረሁት አንድም የለም።

ስለ ስም ደግሞ የምለው አለኝ። የዘፈን ዜማው ድር ከሆነ ቅንብሩ ማግ ነው። ሳክስፎኑ የት ይግባ፣ ባሱ የት ይውጣ፣ ለዘፋኙ ምን ያህል ዝምታ ይተውለት፣ ይህን ሁሉ የሚወስነው አቀናባሪው ነው። ልብሱን ለብሶ የሚታየው ዘፋኙ ነው፣ ሸማኔውን የሚጠይቅ የለም። ድሮ ቢያንስ የካሴቱ ሽፋን ነበር፤ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ብሎ በትንንሽ ፊደል ይዘረዝራል። ያንን ሽፋን መጀመሪያ የጣልኩት እኔና እኔን መሰል ነጋዴዎች ነን። በቀዳሁት ካሴት ላይ በእስክሪብቶ «ሙሉቀን፣ ቁጥር 2» ብዬ ጽፌ እሰጣለሁ። ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲው፣ አቀናባሪው ሱቄ በር ላይ ቀሩ። ሠርቼበት በላሁበት፤ ለባለቤቶቹ ግን ሳንቲም አልደረሳቸውም። ይህንን ሳልሸሽግ የምጽፈው ሌላው እንዲማርበት ነው።

ከዚያ ሚሞሪ ካርድ መጣ። ከሱቄ ፊት ለፊት አንድ ወጣት «ዘፈን እንጭናለን» ብሎ ለጠፈ፣ የእኔ ቤትም ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። በካርዱ ላይ የአቀናባሪ ስም ይቅርና የዘፋኙም ስም ብዙ ጊዜ የለም፤ «ትራክ 07» ይላል። ልጄ ስልኳ ላይ ያለውን የግርማን ዘፈን ከፍታ የማን እንደሆነ ስጠይቃት «እሱማ አይልም አባዬ» አለችኝ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአንድ ሥራ አመንጪ በሥራው ላይ ስሙ እንዲጠቀስለት መብት ይሰጠዋል። ስም መጥራት ውለታ እንዳልሆነ ሕጉ ራሱ ይናገራል።

ጩኸት ይቅር እያልኩ አይደለም። ሠርግ በሹክሹክታ አይደምቅም፤ እስክስታም ሞቅ ያለ ይፈልጋል። የምቃወመው በሁሉም ቦታ፣ በሁሉም ሰዓት አንድ ዓይነት ድምፅ መኖሩን ነው። በሚኒባስ ውስጥ፣ በምግብ ቤት፣ በለቅሶ ማግሥት ቡና በሚጠጣበት ቤት እንኳ ያው ሞንታርቦ ነው። ከደብረ ብርሃን በደነባ በኩል ወደ እነዋሪ ስንመለስ ሾፌሩን «እስቲ ዝቅ አድርግልን፣ ለስለስ ያለ ክፈትልን» ብዬ ጠይቄ በከፈተልኝ ቁጥር፣ ተሳፋሪው ተቆጥቶ አያውቅም። አንዱ አብሮ ያንጎራጉራል፤ ሌላው ዝም ብሎ ጥቁሩን መሬት በመስኮት ያያል።

እናንተ በሬዲዮ የምትሠሩ፣ አንድ ዘፈን ስትከፍቱ የዘፋኙን ስም ጠርታችሁ አታቁሙ። ግጥሙ የማን፣ ዜማው የማን፣ ቅንብሩ የማን እንደሆነ በሉ፤ አሥር ሰከንድ አይፈጅም። «ሙዚቃዊ ስልት»ን መሸጋገሪያ ስታደርጉ «የግርማ በየነ ነው» በሉልን። ዘፈን በድረ ገጽ የምትጭኑ ወጣቶችም እንዲሁ። በየከተማው ያላችሁ የባህል ቢሮዎች ደግሞ በየዓመቱ ለበዓል የምታቆሙትን መድረክ አንዱን ሌሊት ያለ ሞንታርቦ ሞክሩት።

የእነዋሪ፣ የጅሁር፣ የደነባ ልጆች ሆይ፣ በኪሳችሁ ያለው ስልክ እኔ በ22 ዓመት ውስጥ ከነበረኝ መቅጃ ሁሉ የተሻለ ይቀዳል፤ ሽሽታም የለውም። አያታችሁ ቤት ስትሄዱ ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ዶሮዎቹን አስወጡ፣ በሩን መለስ አድርጉት። ስልኩን ከአፏ አንድ ስንዝር ላይ ያዙት፤ እንድትጮህ አትጠይቋት። በወፍጮ ላይ፣ በእንሶስላ፣ ልጅ ስታስተኛ ትለው የነበረውን እንድትል ጠይቋት። ከማንም በፊት ግን ስሟን፣ ዘፈኑንም ከማን እንደሰማችው በራሷ ድምፅ ታስቀድም።